ቃሉ አለ፣ ብሩ የለም፦ የሮማ ሳንቲሞች ጽሑፍ ለገበያተኛ ሲነበብ

በኦክቶበር 2020 ለንደን ውስጥ በተካሄደ ጨረታ፣ 8 ግራም ገደማ የምትመዝን አንዲት የወርቅ ሳንቲም በ3 ሚሊዮን 240 ሺህ ፓውንድ ተሸጠች። በወቅቱ የዓለም ገበያ ዋጋ ወርቋ ብቻ ቀልጦ ቢሸጥ ከ400 ፓውንድ አያልፍም ነበር። ታዲያ ቀሪውን ገንዘብ ያወጣው ምንድን ነው? ዋናው መልስ በሳንቲሟ ጀርባ የተቀረጹት ስድስት ፊደላት ናቸው።

ፊደላቱ «ኢይድ ማር» ይላሉ። የማርች ወር እኩሌታ፣ ማለትም ማርች 15 ማለት ነው። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በሴራ የተገደለበት ቀን ነው። ከጽሑፉ በላይ ሁለት ጩቤዎች፣ በመካከላቸውም ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ ተቀርጿል። በፊቷ በኩል ያለው መልክ ከገዳዮቹ መሪዎች አንዱ የነበረው የብሩቱስ ነው። ሰው ገድሎ ግድያውን በወርቅ ላይ ያስነገረ ሹም ብዙ ስለሌለ፣ በወርቅ የተመታውም ዓይነት ዛሬ የሚታወቀው ሦስት ብቻ ስለሆነ ዋጋው ጣሪያ ነካ።

ሆኖም ገዢው ሳንቲሟን ይዞ አልቀረም። ለጨረታው የቀረበው የባለቤትነት ታሪክ ሐሰተኛ መሆኑ ተደርሶበት፣ የጨረታ ቤቱ ባለቤት በጃንዋሪ 2023 ኒውዮርክ ላይ ታሰረ። ሳንቲሟም በማርች 2023 ለግሪክ መንግሥት ተመለሰች።

ከዚህ እንደምንረዳው የጥንት ሳንቲም ሦስት ንባብ ይፈልጋል። እነርሱም ጽሑፉ፣ ማዕድኑና ከየት መጣ የሚለው ወረቀት ናቸው። በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከሮማውያን የበለጠ የሚያስተምር የገንዘብ ታሪክ ማግኘት ያዳግታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደላቱ እንዴት ይነበባሉ?

ዲናር በሚል ስም የምናውቀው የሮማ የብር ሳንቲም ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያች ቦታ የንጉሡን መልክ፣ ስምና ማዕረግ ማስፈር ስላለበት ቀራጩ ሁሉንም ያሳጥራል፤ ብዙ ጊዜም ቃልን ከቃል አይለይም። «ዩ» የምንለው ፊደል በ«ቪ» ይጻፋል። ይህን የያዘ ሰው ጥቂት ምሕጻረ ቃላት ካወቀ አብዛኛውን ማንበብ ይችላል።

«አይ ኤም ፒ» ኢምፔራቶር፣ ማለትም የጦር አዛዥ፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። «ኤ ቪ ጂ» አውግስጦስ ሲሆን፣ «ፒ ኤም» ሊቀ ካህናት፣ «ፒ ፒ» ደግሞ የሀገር አባት ነው። «ቲ አር ፒ» የሕዝብ እንደራሴነት ሥልጣንን ያመለክታል። ይህ ሥልጣን በየዓመቱ ስለሚታደስ ከጎኑ ያለው ቁጥር የንግሥና ዘመኑን ለመቁጠር ይረዳል። «ሲ ኦ ኤስ» ቆንስል የተባለው ከፍተኛ ሹመት ሲሆን፣ ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደተሾመ ይናገራል።

ለአብነት በወንጌል የተጠቀሰችውን የግብር ዲናር እንውሰድ። ብዙ አጥኚዎች የሚገምቱት ሳንቲም በፊቱ «ጢባርዮስ ቄሣር፣ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ፣ አውግስጦስ» ይላል፤ በጀርባው ደግሞ «ሊቀ ካህናት» ይላል። ስለዚህ ስለ መልኩና ስለ ጽሕፈቱ የተነሣው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አልነበረም። ሳንቲሟ ገዢው የአምላክ ልጅ ነው እያለች በየኪሱ ትዞር ነበር።

የትራጃን ሳንቲም ደግሞ ለደላላ የሚጠቅም ሌላ ትምህርት አለው። በጀርባው «የሮማ ሸንጎና ሕዝብ ለምርጡ ገዢ» የሚል ውዳሴ ሰፍሯል። ከ«ሲ ኦ ኤስ» ቀጥሎ የ6 ቁጥር ካለበት ትራጃን ለስድስተኛ ጊዜ ቆንስል ከሆነበት ከ112 ዓመት አይቀድምም። ንጉሡ በ117 ስለሞተ የሳንቲሙ ዕድሜ በአምስት ዓመት ውስጥ ይወሰናል። ይህንኑ ሳንቲም «ትራጃን በነገሠበት ዓመት የተመታ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ቢመጣ ፊደሉ ራሱ ያጋልጠዋል።

ጽሑፉ የማይናገረው

ጽሑፉ ማን እንደገዛና መቼ እንደገዛ ይናገራል። ውስጡ ስንት ብር እንዳለ ግን ለረጅም ዘመን አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ንጉሡ የተጫወተውም በዚህ ባልተጻፈው ላይ ነው።

ኔሮን በ64 ዓመት ገደማ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ብር ይወጡ የነበሩትን 84 ዲናሮች ወደ 96 ከፍ አደረገ። በዚያው ላይ የብሩን ጥራት ቀነሰ። ሴፕቲሚዎስ ሴቬሩስ የወታደሩን ደመወዝ ሲጨምር በዲናሩ ውስጥ ያለው ብር ወደ ግማሽ ወረደ። ልጁ ካራካላ ደመወዙን እንደገና ከፍ አደረገና በ215 አዲስ ሳንቲም አወጣ። ጨረር ያለው አክሊል የደፋው መልክ ሳንቲሙ የሁለት ዲናር ምንዛሪ እንዳለው ያመለክት እንደነበር ይታመናል፤ ብሩ ግን የአንድ ተኩል ያህል ነበር። ትርፉ የመንግሥት ሆነ። ነጋዴው በበኩሉ አሮጌውን ጥሩ ዲናር ቀበረ፣ አዲሱን ወደ ገበያ ለቀቀ። መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ያባርራል የሚባለው የኢኮኖሚ ሕግ ስም ከመውጣቱ በፊት በሥራ ላይ ነበር።

ቁልቁለቱ መጨረሻ የደረሰው በጋሊየኑስ ዘመን ነው። በ260 አባቱ በፋርስ ንጉሥ ተማረከ፤ በምዕራብ ጋሊያ ተገንጥላ የራሷን ንጉሥ አነገሠች። እርሱ በ268 ሲገደል በሳንቲሙ ውስጥ የቀረው ብር ከመቶ 5 እጅ በታች ነበር፤ ብር የተቀባ መዳብ ማለት ይቀላል። በዚያ መዳብ ላይ የተጻፈው ግን «የንጉሡ ሚዛናዊነት» ይላል፤ በአጠገቡም ሚዛን የያዘች ሴት ተቀርጻለች። በሌሎቹ «ጥጋብ»፣ «የሠራዊቱ ታማኝነት»፣ እንዲያውም «ዘላለማዊ ጸጥታ» ተጽፏል። በትራጃን ዘመን ከባድ ብር የተሸከመው የውዳሴ ቋንቋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

ማዕድኑ በጽሑፍ ሲመጣ

አውሬሊያን በ274 ገንዘቡን ለማስተካከል ሲነሣ በብዙ ሳንቲሞች ላይ 21 የሚል ቁጥር ተቀረጸ። ብዙዎች የሚቀበሉት ትርጉም 20 እጅ መዳብ፣ 1 እጅ ብር የሚል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እምነት በነበረበት ጊዜ የብሩን መጠን መጻፍ አላስፈለገም፤ መጻፍ የጀመረው እምነት ከጠፋ በኋላ ነው። ብቻውንም ገበያውን አላረጋጋም። ዲዮቅልጥያኖስ በ301 የሸቀጦችን ጣሪያ ዋጋ በአዋጅ እስከ መወሰን ደረሰ።

መፍትሔው የመጣው ከቆስጠንጢኖስ የወርቅ ሳንቲም ነው። ሶሊዱስ የተባለው ይህ ገንዘብ ከአንድ ፓውንድ ወርቅ 72 ይወጣል፤ አንዱ 4 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ቆየት ብሎ ከሥሩ «ኦ ቢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ተጨመሩ። የተጣራ ወርቅ ማለት ሲሆን፣ በግሪክ የፊደል ቁጥርም 72 ይሆናል። ሚዛኑም እንደተጻፈው ስለነበረ ሶሊዱስ በቢዛንታይን ዘመን ጭምር እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ ክብሩን ጠብቆ ኖረ።

ከአዱሊስ እስከ ጠገራ ብር

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት የሮማ ገንዘብ ይገባ እንደነበር ይናገራል። አክሱም የራሷን ገንዘብ ስታስመታም አብዛኛውን ወርቅ ለውጭ ነጋዴ በሚገባው በግሪክኛ ጻፈችበት። በ4ኛው መቶ ዓመት በተመቱ የመዳብ ሳንቲሞቿ ላይ ደግሞ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ይገኛል። የሮማው ሳንቲም ገዢውን ሲያወድስ የአክሱሙ የተቀባዩን ፈቃድ ይጠይቃል። (እነዚህ ሳንቲሞች ቅርስ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል።)

ለአያቶቻችን የቀረበው የሮማ ጽሑፍ ግን በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ላይ የነበረው ነው። በዙሪያዋ ካሉት ምሕጻረ ቃላት አንዱ ያው «አይ ኤም ፒ» ሲሆን የሮማውያን ንግሥተ ነገሥት መሆኗን ይናገራል። ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ሳንቲሙ ግን በ20ኛው መቶ ዓመት በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። የሀገራችን ነጋዴ ላቲኑን ሳያነብ የጌጧን ዕንቁዎች ቆጥሮ፣ መልኳ የደበዘዘውን «አልቀበልም» ይል ነበር። ቃሉን አላወቀም፤ ዕቃውን ግን ያውቅ ነበር።

የጥንት ሳንቲም የሚገዛ ሰው ፊደሉን አንብቦ ዘመኑን ይወቅ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማዕድኑን ይወቅ፣ ወረቀቱን መርምሮ ባለቤቱን ይወቅ። ሳንቲም የማይገዛውም ቢሆን የአክሲዮን ሽያጭ ማስታወቂያ ወይም የብድር ሰነድ በእጁ ሲገባ «ዘላለማዊ ጸጥታ» የሚለውን የጋሊየኑስን መዳብ ቢያስታውስ አይከስርም። የቃሉን ውበት ትቶ ውስጡ ስንት ብር አለ ብሎ መጠየቅ ነው።