የሰው ወርቅ አያደምቅ

ሰው በሌላ ሰው እጅ ሊያሠራው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ቤቱን በአናጢ ያሠራል፤ እርሻውን በቅጥረኛ ያሳርሳል፤ ማመልከቻውን በጸሐፊ ያስጽፋል። በሌላ ሰው እጅ ሊያሠራው የማይችለው ግን ትምህርቱን ነው። ጎረቤቱ በበላው እንጀራ የራበው ሰው እንደማይጠግብ፥ ሌላው ባጠናው ትምህርትም ያላጠናው ሰው ዐዋቂ ሊሆን አይችልም። ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን የኮምፒዩተር ጥበብ በሚማሩ ወጣቶች ዘንድ በዛሬው ዘመን እየተዘነጋ ስለ ሄደ፥ ነገሩን መርምሮ መድኃኒቱን መፈለግ ተገቢ ነው።

ኮምፒዩተር ሥራውን የሚሠራው ሰው በየተራው የጻፈለትን ትእዛዝ እየተከተለ ነው። ይህን ትእዛዝ የመጻፍ ጥበብ ፕሮግራም መጻፍ፥ በተማሪዎችም አነጋገር ኮድ መጻፍ ይባላል። መምህሩ ትምህርቱን ካስተማረ በኋላ ለተማሪው የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ይኸውም ለምሳሌ የ50 ተማሪዎችን ስምና ውጤት ተቀብሎ ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው በተራ የሚደረድር ፕሮግራም ጽፎ እንዲያመጣ ነው። ትጉህ ተማሪ ይጽፋል፥ ይሳሳታል፥ ስሕተቱን ይፈልጋል፥ አርሞም እንደገና ይሞክራል። ሌላው ግን የመምህሩን ጥያቄ እንዳለ ገልብጦ በኢንተርኔት መስመር ለማያውቀው ፕሮግራም ዐዋቂ ይልክና «እስከ ነገ ማታ ሠርተህ ላክልኝ» ይለዋል። አንዱ ዋጋ ይከፍላል፤ ሌላው በልመና ይጠይቃል። በኢትዮጵያም የመመረቂያ ጽሑፍና የኮምፒዩተር ፕሮጀክት በዋጋ እንሠራለን የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲተላለፍ ማየት የተለመደ ሆኗል።

ነገሩ በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ሮበርት ክላርክና ቶማስ ላንካስተር የተባሉ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የነበሩ መምህራን ሬንት ኤ ኮደር የተባለውን ገበያ መርምረው ነበር። ይህ ገበያ ፕሮግራም የሚያሠራ ሰው ሥራውን የሚያቀርብበት፥ ፕሮግራም ዐዋቂዎችም በጨረታ ዋጋ እየቀነሱ የሚወዳደሩበት የኢንተርኔት ገበያ ነበር። መምህራኑ ለጨረታ ከቀረቡት ሥራዎች መካከል ከመቶ 12 የሚበልጡት የነጋዴ ወይም የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሳይሆኑ የተማሪዎች የቤት ሥራ ሆነው አገኟቸው። ነጋዴ በሌለው ጉድለት ሠራተኛ ቢቀጥር ሥራው ይቃናለታል። ተማሪ ግን በሌለው ዕውቀት ሌላውን ቢቀጥር ጉድለቱ ይሸፈንለታል እንጂ አይሞላለትም።

ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ገበሬው ቤት መመልከት ይበቃል። ሰላ ድንጋይ በሰሜን ሸዋ በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኝ ደገኛ ከተማ ናት፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ተቀምጠው ያስተዳደሩባት በመሆኗም በታሪክ ስሟ የታወቀ ነው። ዛሬ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ልጁን ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚልክ ገበሬ፥ የልጁን ስንቅና የኪስ ገንዘብ የሚያዘጋጀው ከገብሱና ከበጉ ዋጋ ነው። እናትም ከጓዳዋ ቀንሳ ትጨምርለታለች። ልጁ ከዚህ ገንዘብ ከፍሎ የቤት ሥራውን ለማያውቀው ሰው ቢሰጥ ግን የነገሩ ፍጻሜ እጅግ ያሳዝናል፤ አባት በጉን የሸጠው ልጁ እንዲማር ነበረና፥ በጉ የተሸጠው ልጁ እንዳይማር ሆነ ማለት ነው። አባት ይህን አያውቅም፤ ልጁ ውጤት ማምጣቱን ሰምቶ ደስ ይለዋል። ተንኰሉ ከመምህሩ ይልቅ በአባት ላይ የበረታ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት ቤት አስቀድሞ የነበረው የአብነት ትምህርት ቤት ይህን በሽታ ዐውቆ መድኃኒቱን አበጅቶለት ነበር። የቅኔ ተማሪ ግሱን ካጠና፥ አገባቡንም ከተማረ በኋላ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ደረጃውን ጠብቆ ይቆጥራል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና የደረሰውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ዝም ብሎ አይቀበለውም። ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ? ይህ ቃል በዚህ ስፍራ ስለ ምን ገባ? ግሱስ ከየት መጣ? እያለ ይጠይቀዋል። ከጓደኛው ተቀብሎ የመጣ ተማሪ ቅኔውን በቃሉ ሊያደርሰው ይችል ይሆናል፤ ጥያቄው ሲመጣ ግን መልስ ያጣል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ መለመን ነውሩ አልነበረም፤ ነገር ግን ቁራሽ ይለምናል እንጂ ቅኔ አይለምንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ተረት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለቅኔውም ወርቅ የሚስማማ ነው።

ኮድ መጻፍም በዚህ ረገድ እንደ ቅኔ ነው። ከላይ በምሳሌ የተነገረው የ50 ተማሪዎች ውጤት በተራ ቢደረደር በራሱ ለማንም የሚጠቅም ነገር የለውም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ አሉ። መምህሩ የፈለገው ፕሮግራሙን ሳይሆን ተማሪው ፕሮግራሙን ለመጻፍ የሚያልፍበትን መንገድ ነው። ተማሪው ሁለት ውጤቶችን ማነጻጸርን፥ ቦታቸውን መለዋወጥን፥ ትእዛዙ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገምና በምን ስፍራ እንደሚያበቃ መወሰንን የሚማረው ሲሠራው ብቻ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት ፕሮግራሙ አልሠራም ባለ ጊዜ ስሕተቱን በትዕግሥት መፈለግ ነው። በዋጋ የመጣው ኮድ ግን ተስተካክሎ ስለሚመጣ ይህን ትምህርት ሁሉ ጨርሶ ያስቀራል። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ተማሪው አይሠራም።

በዚህ ስፍራ ግን መለየት የሚገባው ነገር አለ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደ ተባለ፥ ባለመጠየቅም ብዙ ዕውቀት ይቀራል። የቅኔ ተማሪም አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ እየሰማ ይማራል፤ ከእርሱ የቀደመው ዘራፊም ያስረዳዋል። እንደዚሁም የኮምፒዩተር ተማሪ «ይህን ጽፌ ነበር፤ በዚህ መስመር ላይ አልሠራ አለኝ፤ የሳትሁት ምኑን ነው?» ብሎ ከእርሱ የሚበልጠውን ቢጠይቅ ይመሰገናል። በዓለም ያሉ ብዙ ፕሮግራም ዐዋቂዎች ለእንዲህ ያለ ጠያቂ ያለ ዋጋ ይመልሳሉ፤ በዚህም ሥራ ብዙ ሰው ተምሯል። «ጥያቄው ይኸውና፤ ሠርተህ ላክልኝ» ለሚለው ግን የሚመልስለት ሰው ደግ የሠራ ይመስለዋል እንጂ ጐድቶታል። ፊተኛው ጠያቂ የራሱን ድካም ይዞ ይመጣል፤ ኋለኛው ባዶ እጁን ይመጣል፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ነገሩ በተማሪው ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ዛሬ ግን የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ጤና በኮምፒዩተር ትእዛዝ ላይ ተደግፎ ይኖራል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በተደረገ ማሻሻያ ምክንያት ስሕተት ተፈጥሮ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ሊያወጡና ሊያስተላልፉ ቻሉ። ገንዘቡን ከወሰዱት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ባንኩም ያለ አግባብ የወጣው 8 መቶ ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን አስታውቆ አብዛኛውን አስመልሷል። በአሜሪካና በካናዳም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1987 ዓ.ም. ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መኪና በፕሮግራሙ ስሕተት ምክንያት በ6 በሽተኞች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር አፍስሶባቸው፥ ከእነርሱ የሞቱም ነበሩ። እነዚህን ፕሮግራሞች የጻፉት ሰዎች የቤት ሥራቸውን በሰው ያሠሩ ነበሩ ለማለት አይደለም። የተማረና የተጠነቀቀ ሰው እንኳ እንዲህ የሚሳሳት ከሆነ፥ በሰው ድካም የተመረቀው በባንክና በሐኪም ቤት ሲቀመጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ለአስተዋይ ሰው አያዳግትም።

የተሸፈነ ጉድለት ደግሞ መገለጡ አይቀርም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ ከመቶ ተፈታኝ 50 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ሲሰጥ ከተፈተኑት ከ150 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ናቸው። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የትምህርት ቤትና የመምህር ጉድለትም አለበት። ቢሆንም ተማሪ ብቻውን በተቀመጠበት አዳራሽ የተከራየው ዕውቀት አብሮት እንደማይገባ ያስረዳል። እንደዚሁም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ ሠርቶ የሚልክለትን ሰው የለመደ ሁሉ መንገዱ ተዘጋበት፤ በራሱ ውስጥ ያለው ግን አልተዘጋበትም።

ልዩ ልዩ አገሮች ክፉውን ለመከልከል ብዙ ደክመዋል። አሌክስ አይከን የተባሉ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ሞስ የተባለ ፕሮግራም አዘጋጅተው፥ የሁለት ተማሪዎች ኮድ ስሙ ተለውጦ ቢቀርብ እንኳ ተመሳሳይነቱን የሚያሳይ መሣሪያ ለመምህራን ሰጥተዋል። አውስትራሊያ በ2020፥ እንግሊዝም በ2022 የተማሪን ሥራ በዋጋ የሚሠሩትን የሚቀጣ ሕግ አውጥተዋል። ዳሩ ግን ሞስ የሚይዘው የተገለበጠውን ነው እንጂ ለአንድ ተማሪ ብቻ አዲስ ሆኖ የተጻፈውን አይይዝም። ሕጉም በሩቅ አገር የተቀመጠውን ሻጭ ለማግኘት ይቸገራል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ወጥቶ የጀማሪ ተማሪን የቤት ሥራ ያለ ድካም በጥቂት ጊዜ የሚጽፍ ሆነ። ከእንግዲህ ወዲህ ሻጩ ሰው እንኳ መሆኑ ቀርቷልና፥ ጠባቂ በማብዛት ብቻ ነገሩ አይገታም።

የቀረው መድኃኒት የቅኔው ቤት መድኃኒት ነው፤ ይኸውም ጽሑፉን ከመቀበል በፊት ጸሐፊውን መጠየቅ ነው። መምህሩ ተማሪው ያመጣውን ኮድ በፊቱ ዘርግቶ ከመካከሉ አንዱን መስመር ያመልክተው፤ ይህን ስለ ምን ጻፍኸው? ይህ ቍጥር ቢለወጥ ምን ይሆናል? ይበለው። አንዱን ትእዛዝ በዚያው በፊቱ እንዲለውጥ ያድርገው። ለዚህ ለአንድ ተማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል። የክፍሉ ተማሪዎች እጅግ ብዙ ቢሆኑ እንኳ በየሳምንቱ ጥቂቶችን በዕጣ መጠየቅ ይቻላል፤ ተራው መቼ እንደሚደርሰው የማያውቅ ተማሪ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይመጣልና። የትምህርት ቤት አለቆችም ለመምህሩ ይህን ጊዜ ሊሰጡት ይገባል። በየዓመቱ አንዱን የቤት ሥራ ሳይለውጥ የሚሰጥ መምህር ቢኖር ለሻጩ ገበያ የሚከፍትለት ራሱ መሆኑን ይወቅ።

የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት የአረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለውን ሥልጠና ስትጀምር ለወጣቱ ሰፊ በር ከፍታለች። ይህ በር የሚጠቅመው ምስክር ወረቀቱ ከዕውቀቱ ጋር አብሮ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ የሚቀጥር ሹም ወረቀቱን አንብቦ ብቻ አይቅጠር፤ አመልካቹን በወንበር አስቀምጦ ትንሽ ሥራ በፊቱ ያሠራው። ወረቀት ያለ ፈተና የሚያስቀጥር ከሆነ ወጣቱ ወረቀቱን ይሻል፤ ሥራ የሚያስቀጥር ከሆነ ግን ሥራውን ይማራል።

ካህናትም በየንስሐ ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ ይህን ነገር ቢመክሩ ታላቅ ጥቅም ይሆናል። ከሩቅ ከተማ ለዕረፍት የመጣውን ልጅ ውጤትህ ስንት ነው ብለው ብቻ አይለፉት፤ ምን ሠራህ? እንዴትስ ሠራኸው? ብለው ይጠይቁት። የኮምፒዩተሩን ጥበብ ባያውቁ አያስቸግራቸውም፤ ሥራውን ራሱ የሠራ ልጅ ለማያውቀው ሰው እንኳ አስረድቶ መናገር ይችላል። በሰላ ድንጋይ ያለው አባትም ልጁ ሲያስረዳ ሰምቶ በጉን የሸጠበትን ነገር ያገኘዋል።