መዋኛ ገንዳው በኪራዩ ውስጥ ተካቷልን?

በዱባይ መዋኛ ገንዳ ያለው አፓርታማ ለመከራየት የሚያስብ ቤተሰብ ከክፍሎቹ ስፋት ባልተናነሰ ሊያጣራው የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ገንዳውን መጠቀም በኪራዩ ውስጥ መካተቱ ነው።

የአከራይንና የተከራይን ግንኙነት የሚደነግገው የኢሚሬቱ ሕግ ቁጥር 26፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ፣ በአንቀጽ 11 ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የተለየ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ኪራዩ መዋኛ ገንዳን፣ የስፖርት ማዘውተሪያንና የመኪና ማቆሚያን የመሳሰሉ መገልገያዎችን ያጠቃልላል።

ቁም ነገሩ «የተለየ ስምምነት ከሌለ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ሕጉ ለተከራዩ የሚቆምለት ውሉ ዝም ባለበት ነው። ተከራዩ ለገንዳው በተናጠል ሊከፍል ተስማምቶ ከፈረመ ግን ይህ ጥበቃ ይቀርበታል። ስለዚህ ዐረብኛም ሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ውሉን በሚያምነው ሰው ማስነበብ ይኖርበታል።

ገንዳው ለጥገና ለረጅም ጊዜ ቢዘጋ ምን እንደሚደረግ፣ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ሰዓት መኖር አለመኖሩን፣ የማዕከላዊ ማቀዝቀዣውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል መጠየቅም ተገቢ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ደላላው በቃል የሰጠው ተስፋ በውሉ ላይ ይስፈር፤ ውሉም «ኢጃሪ» በተባለው የመንግሥት መዝገብ ይመዝገብ። አለመግባባት ቢነሳ ጉዳዩ የሚቀርበው ለዱባይ የኪራይ ክርክሮች ማዕከል ሲሆን፣ በዚያ የተመዘገበ ውል ዋና ማስረጃ ነው።

ውሉ ሲታደስ ለገንዳው አዲስ ክፍያ ለመጠየቅ የሚሻ አከራይም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ዘመኑ ከማብቃቱ ቢያንስ 90 ቀናት አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።