ከ«ክራምብስ» እስከ ሶቪየት ኅብረት ቫይረስ፦ የሀበሻው ሳይንስ ፊክሽን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል?

ሰላም ተስፋዬን የማያውቅ የለም። ግን ዓለም ካለቀ በኋላ፣ ዝገት የበላው የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሷ ሰው የለቀቀው የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ስትኖር ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ፊልሙ «ክራምብስ» ይባላል፣ ፍርፋሪ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ታየ። 68 ደቂቃ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ሲሆን ዋና ተዋናዩ የኛው ዳንኤል ታደሰ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንስ ፊክሽን ፊልም ይሉታል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ዳይሬክተሩና ዳንኤል ሌላ ይዘው መጡ። ርዕሱ በአማርኛ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» እንደማለት ነው። ስብከት እንዳይመስላችሁ፣ የስለላ ፊልም ነው። ታሪኩ የ«ክራምብስ» ክፍል ሁለት አይደለም። ግን ያው ዳይሬክተር፣ ያው ተዋናይ፣ «ጋጋኖ» የሚለው ስም ሳይቀር ያው ነው። ስለዚህ ተመልካች ማወዳደሩ አይቀርም። እኛም እናወዳድር።

▪️ ጥሩ ተከታይ ምን ያደርጋል?

«ተርሚኔተር»ን አስቡ። በ1984ቱ ፊልም አርኖልድ ሴትየዋን ሊገድል የመጣ ማሽን ነበር። በ1991ዱ ያው መልክ፣ ግን ልጇን ሊያድን መጣ። «ብሌድ ራነር»ም እንደዚሁ ነው። የ1982ቱ «ይሄ አዳኝ ራሱ ሰው ነው ወይስ ሰው ሰራሽ?» ብሎ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተናል። ከ35 ዓመት በኋላ የመጣው ተከታይ ደግሞ አዳኙ ሰው ሰራሽ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው ይነግረንና «እና ታዲያ ነፍስ የለውም ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ማለትም ጥሩ ተከታይ የድሮውን አይደግምም። የድሮውን ጥያቄ ይገለብጠዋል።

▪️ የመጀመሪያው፦ ፍርፋሪ የሚለቅም ሰው

«ክራምብስ» ላይ ትልቅ ጦርነት አልፏል። የተረፈው ሰው ጥቂት ነው። ዳንኤል የድሮውን ዓለም ቅራቅንቦ ይለቅማል። የላስቲክ መጫወቻ፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ፣ እኛ የምንጥለው ዕቃ ሁሉ እዚያ ቅርስ ነው፣ በውድ ይገመታል። ሰላም የምትጫወታት ገጸ ባህሪ ደግሞ የማይክል ጆርዳን ፎቶ ፊት ቆማ ትጸልያለች። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን በራሱ መስራት ሲጀምር «መርከቧ ነቃች ማለት ነው» ይባልና ዳንኤል የገና አባትን ፍለጋ ይወጣል። አዎ፣ የገና አባትን!

ያስቃል። ግን ትንሽ ቆይቶ ይከነክናል። ሳልባጅ ገበያ ሄዶ የማያውቀው ሰው ፎቶ ያለበት፣ የማያውቀው ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ቲሸርት ያልገዛ ማን አለ? የሰው ሀገር ትርፍራፊ እኛ ጋ ሲደርስ ክብር ይለብሳል። ፊልሙ የነካው እሱን ነው። ንግግሩ አማርኛ ነው። መልክዓ ምድሩ ደግሞ እንደ ዳሎል ያለ የራሳችን ነው። ሌላ ፕላኔት ለማስመሰል ኮምፒውተር ብዙም አላስፈለገም፣ ምድሩ በቂ ነበር።

▪️ ሁለተኛው፦ ማሽን ውስጥ የቀረ ሰው

ሁለተኛው ወደ 2035፣ ወደ ኢስቶኒያዋ ታሊን ይወስደናል። ዳንኤል ጋጋኖ የሚባል የሲአይኤ ሰላይ ነው። ስራውን ለቆ ከሚስቱ ጋር የራሱን ኑሮ መጀመር ነው ህልሙ። ግን «ሳይኮቡክ» የሚባለውን የሲአይኤ ሲስተም «ሶቪየት ኅብረት» የሚባል ቫይረስ ያጠቃዋል። ጋጋኖ ሊያጠፋው ይገባና እዚያው ይቀራል፣ አካሉ ውጭ፣ እሱ ውስጥ። ውስጥ ያሉት ሰዎች የታዋቂ ሰው ፊት የታተመበት የወረቀት ጭንብል አድርገዋል። «ቤታ ኢትዮጵያ» የሚባል ሀገርም አለ፣ መሪው የባትማን ዓይነት ልብስ ለብሶ ይንጎራደዳል።

እዚህ ላይ ተከታዩ ጥያቄውን ገልብጦታል። በመጀመሪያው ሰውየው ከሌላው ዓለም የወደቀውን ይለቅም ነበር። በሁለተኛው ራሱ ሌላው ዓለም ውስጥ ወድቆ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ሲነጋ «የት ነበርኩ?» ለሚል ትውልድ ይሄ በደንብ ይገባዋል። የሌላ ሰው ፊት ለጥፎ የሚያወራ አካውንትም አዲስ አይሆንበትም። ሀሳቡ ከመጀመሪያው ሰፋ ይላል፣ ይፈጥናልም።

ግን ዋጋ አስከፍሎታል። ቋንቋው በአመዛኙ እንግሊዝኛ ሆነ። ኢትዮጵያም ከመድረክነት ወደ አንድ ቀልድ ወረደች። የመጀመሪያውን ዝም ብላችሁ ብታዩት እንኳ ምድሩ ያናግራችኋል። ሁለተኛው ላይ ግን ቀልዱ ካመለጣችሁ የምትይዙት ነገር ያንሳል።

ስለዚህ የኔ ፍርድ፦ በሀሳብ ሁለተኛው፣ በልብ የመጀመሪያው። አንዱን ብቻ እዩ ካላችሁኝ «ክራምብስ»።

▪️ ይሄ ሽንፋ ላይ ላለነው ምናችን ነው?

ሁለቱንም የጻፈውና የመራው የውጭ ሰው ነው። ጥሩ አድርጎ ሰርቷል፣ ይመስገን። ግን የነገው ኢትዮጵያዊ ምን እንደሚመስል በኛ ሰው ፊት፣ በኛ መሬት ላይ የነገረን ሌላ ሰው ነው። ሰው ነገውን ካልተረከ ደግሞ ሌላው የተረከለትን ይለብሳል፣ ልክ እንደ ሳልባጁ ቲሸርት።

«ዓለም ካለቀ በኋላ» የሚለው ታሪክ ደግሞ እኛ ጋ ፊልም ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፔልማን የመራው ጥናት ስለዚሁ ስለኛ ሰፈር ነው። ቦታው «ሽንፋ መተማ 1» ይባላል። ከ74,000 ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ከፀጉር የሚቀጥን ስባሪው እዚህ ድረስ ደርሶ ተገኝቷል። በዚያው ቦታ የሰው መኖሪያ ምልክት አለ፦ የድንጋይ መሳሪያ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የእንስሳና የዓሣ አጥንት። በጋው ሲከፋ ሰዎቹ አላለቁም። ወንዙ ቆራርጦ የተወው ኩሬ ውስጥ ዓሣ በብዛት ማጥመድ ጀመሩ። ከትንንሾቹ የድንጋይ ጫፎች አንዳንዶቹ ለቀስት ሳያገለግሉ እንዳልቀሩም ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ።

ልብ በሉ፣ እነሱ የማንንም ፍርፋሪ አልለቀሙም። ያላቸውን ወንዝ አይተው ዘዴ ፈጠሩ።

በጋ ላይ የሽንፋ ወንዝ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ያላየ ልጅ እዚህ የለም። ሰማዩ በአመድ ሲጋረድ፣ አንዲት ልጅ ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ ነገ ምን እንበላለን ስትል፦ ይሄ ሳይንስ ፊክሽን ካልሆነ ምኑ ነው? መቅረጫው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ሶስተኛው ፊልም በአማርኛ ቢሆን፣ ጻፊውም ከዚሁ ቢወጣ ምን ይመስላችኋል?

እናንተስ የቱን መረጣችሁ? የሽንፋን ታሪክ ብትሰሩትስ የመጀመሪያው ትዕይንት ምን ይሆናል? ኮመንት ላይ ጻፉልን።