በባልዲ የሚጓዝ ዓሣ

የመተማው ሽንፋ በክረምት ጢም ብሎ የሚሞላ፣ በበጋ ግን መፍሰሱን ጨርሶ የሚያቆም ወንዝ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ውሃው ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ ይሄድና በአሸዋና በቋጥኝ መካከል ተራርቀው የቀሩ ኩሬዎች ብቻ ይሆናል። ዓሣው እዚያ ይታጎራል። ከሌላ ቦታ በባልዲ ያመጣውን ዓሣ እዚህ የሚለቅ ሰው በታጠረ ጉድጓድ ውስጥ የጨመረው ይመስለዋል። ሐምሌ ሲገባ ግን አጥሩ የለም። ሽንፋ ድንበር ተሻግሮ ራሃድ ይባላል፤ በቋራ በኩል የሚወርደው አይማ ዲንደር ይሆናል፤ ሁለቱም ጥቁር ዓባይን ይቀላቀላሉ። ጓንግ ደግሞ የገንዳ ውሃን ወንዝ ይዞ አትባራ ሆኖ ናይል ይገባል። በታኅሣሥ አንድ ኩሬ ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ በነሐሴ ሱዳን ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

የባሕር ፍጥረትን ከውቅያኖስ ወደ ቤት አኳሪየም፣ ከአኳሪየም ወደ ውቅያኖስ ማመላለስ ስለሚያስከትለው ጣጣ ሲወራ ለመተማ ሰው የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ውሃው ጨው ይኑረው አይኑረው ጉዳዩ ግን አንድ ነው፦ ሕያው ነገር ካደገበት ውሃ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? የሚገባበት ውሃስ ምን ይደርስበታል? የባሕሩ ታሪክ በደንብ ስለተጠና ከእሱ መጀመር ይቀላል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላየንፊሽ የሚባለው ባለመርዛም እሾህ ዓሣ የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖስ ተወላጅ ነው፤ አንድ ዝርያው በቀይ ባሕር ይኖራል። ለመልኩ ሲባል በአሜሪካ ቤቶች የመስታወት ገንዳ ውስጥ ገባ። በ1985 ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ታየ፤ ያሳደጉት ሰዎች እንደለቀቁት ይታመናል። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት የካሪቢያን ባሕርን አዳርሶ ብራዚል ደርሷል። የዚያ አካባቢ ትንንሽ ዓሦች አያውቁትም፣ ስለዚህ አይሸሹትም፤ ትልልቆቹም እሾሁን አይተው ይተዉታል። ካውለርፓ የተባለው የባሕር አረም ደግሞ በ1984 ሞናኮ ውስጥ፣ ከታወቀው የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ተገኘ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የሜድትራኒያንን ወለል በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር አለበሰው። ያው አረም በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲታይ ጠላቂዎች ወዲያው ላዩን በሸራ ሸፍነው ክሎሪን ለቀቁበት፤ በ2006 ጠፋ ተባለ። ያን ትንሽ ቦታ ለማጽዳት ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። የካሊፎርኒያዎቹ ዕድል ቶሎ ማየታቸው ነበር፤ ሞናኮ ሲዘገይ አይተዋልና።

ከባሕር ወደ ቤት የሚደረገው ጉዞም የራሱ ዕዳ አለበት። በጨው አልባ ውሃ የሚኖሩት የአኳሪየም ዓሦች በአብዛኛው በእርባታ የሚገኙ ናቸው፤ የባሕሮቹ ግን አሁንም በብዛት ከዱር ይጠመዳሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አጥማጆች ዓሣውን ለማደንዘዝ በኮራሉ መካከል ሳያናይድ ይረጩ ነበር፤ ኮራሉ አብሮ ይሞታል። ተርፎ ሳሎን የደረሰው ዓሣ ከኢንዶኔዥያም ከብራዚልም ከመጡ ጋር አንድ ውሃ ይጋራል፤ ያላየውን ጥገኛ ተባይና ባክቴሪያ ይወስዳል። ባለቤቱ ሲሰለቸው «ወደ አገሩ ይግባ» ብሎ ባሕር ይለቀዋል። እንዲህ ያለውን ደግነት እኔ ደግነት አልለውም። ዓሣው ቢሞት እንኳ የያዘው በሽታ አብሮት ላይሞት ይችላል። ሰውም አይቀርለትም፤ የአኳሪየም ውሃ የነካ የቆሰለ እጅ ላይ ለወራት የማይድን እባጭ የሚያወጣ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያ አለ።

በእኛ አገር ዓሣን ከቦታ ቦታ ያዘዋወረው በዋናነት መንግሥትና ባለሙያ ነው፤ ያውም በአብዛኛው ሕዝብ ይመገብ ብሎ። ጣሊያኖች ካርፕ የተባለውን ዓሣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ጨመሩ። የወባ ትንኝ እጭ ይበላል የተባለው ጋምቡዚያም ከውጭ መጣ። ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን የደቡብ ወሎው ሐይቅ ነው። እዚያ በ1970ዎቹ ማብቂያ ቀረሶ ተጨመረበት። ቀድሞ የተለካው ውሃ ብርሃን ወደ ታች ብዙ ሜትር የሚዘልቅበት የጠራ ነበር። ቀረሶው ከገባ በኋላ የተመለሱት አጥኚዎች ሌላ ሐይቅ አገኙ፦ አልጌ የሚግጡት ጥቃቅን ተንሳፋፊ እንስሳት ተመናምነዋል፣ አልጌው በዝቷል፣ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ደፍርሷል። የአካባቢው አጥማጅ ግን ያልነበረውን ዓሣ አገኘ፤ ገበያም ተገኘለት። ሁለቱም እውነት ነው። ጥፋቱ ዓሣው መጨመሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ምን እንደሚለወጥ ሳይጠየቅ መጨመሩ ነው።

እምቦጭም ከዚሁ ወገን ነው። የአማዞን ተክል ነው፤ በዓለም የዞረው ሐምራዊ አበባው አምሮ ስለታየ የኩሬ ጌጥ ሆኖ ነው። በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አረሙን ስለሚያስወግደው ማሽንና ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም። ለቆላው የሚበጀው ሌላ ነጥብ ነው፦ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል። ከጣና የመጣ መረብ እርጥቡን ተጠቅልሎ ሽንፋ ላይ ከተዘረጋ፣ መረቡ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ብቻ ይበቃል።

ጣናና ቆላው በአንድ ክልል ቢሆኑም ዓሦቻቸው ይለያያሉ። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ ስለሚያግደው፣ ከላይ የቀሩት የነጭ ዓሣ ዘሮች ለብቻቸው እየተለያዩ ሄደው ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሆነዋል። አንዱ ዓሣ ይበላል፣ አንዱ ከወለሉ ይለቅማል፣ አንዱ ቅጠል ይመርጣል። ከታች ያሉት ወንዞች የናይል ዓሣ አላቸው፤ የአውሮፓ አኳሪየም ወዳጆች በገንዘብ የሚገዙት ባለጺሙ ሲኖዶንቲስና በኤሌክትሪክ ንዝረት መንገዱን የሚያገኘው ሞርሚረስም ከእነዚህ ናቸው። ከቆላው አንድ አዳኝ ዓሣ በጀሪካን ተጭኖ ጣና ቢገባ ፏፏቴው ለሺህ ዘመናት የጠበቀው ነገር በአንድ ከሰዓት ይሻራል። በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ከተጨመረ በኋላ በ1980ዎቹ በመቶዎች ይቆጠሩ ከነበሩት የትንንሽ ዓሦች ዝርያዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ከጣና ወደ ታችም መንገድ ተከፍቷል፤ በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ያወርዳል።

የበጋ ኩሬ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በሽንፋ ዳርቻ በተደረገ ቁፋሮ ላይ የተመሠረተና በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የታተመ የቅርስ ጥናት፣ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የኢንዶኔዥያው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን እዚያ የነበሩ ሰዎች እየደረቁ ከሚሄዱ ኩሬዎች ዓሣ ይይዙ እንደነበር አሳይቷል። አየሩ ሲደርቅ በምግባቸው ውስጥ የዓሣው ድርሻ ጎልቶ ጨምሯል። ኩሬ ውስጥ የታጎረ ዓሣ በቀላሉ ይያዛል፤ በቀላሉም ያልቃል። ዛሬ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚበትን ሰው ሲኖር የሚሞተው የሚበላው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙን መልሶ የሚሞላው ዘር አብሮ ይሄዳል። በ2003 የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። እንዲህ የተራቆተ ኩሬ ላይ ደግሞ «ከሌላ ቦታ ዓሣ አምጥተን እንሙላው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ የተራቆተው ቦታ ለመጤው የተመቸ ነው።

ሌላው ፈተና ወባ ነው። መተማ የወባ አገር ናት፤ እጭ የሚበላ ዓሣ ኩሬው ውስጥ ይጨመር የሚል ሰው ነገ ቢነሳ አይገርምም። ጋምቡዚያ እጩን ይበላል፤ የሌሎችን ዓሦች እንቁላልና ጫጩትም ይበላል። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አሰብ ላይ ተሞክሮ ነበር። እዚያው ጠረፍ የሚኖረውን አፋኒየስ የተባለ ጣት የማያህል ዓሣ ወስደው በከተማው የውሃ ጉድጓዶችና ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ጨመሩት፤ በ1992 የታተመው ውጤት እጩ በግልጽ መቀነሱን ይናገራል። የአገሩ ዓሣ ነበር፣ የተጨመረውም ሰው በሠራው ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ቢያመልጥ የሚደርሰው ከመጣበት ባሕር ነው። በመተማም እጭ ለመቀነስ ለሚያስብ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈተሸው ከዚያው ከጓንግና ከሽንፋ የሚገኝ ትንሽ ዓሣ ነው።

ከበሽታ በኩል አፍሪካ አንድ ጥሩ ትምህርት አላት። በ2006 በቦትስዋናና በዛምቢያ መካከል ባለው የዛምቤዚ አካባቢ ዓሦች ቆዳቸው እየቆሰለ ማለቅ ጀመሩ። በሽታው እስያ ውስጥ የታወቀ፣ በውሃ ሻጋታ የሚመጣ ነው። ወንዝ ደግሞ ድንበር ስለማያውቅ ከአገር አገር ተዛመተ። ወደ ሱዳን የሚሻገር የቁም ከብት የጤና ማረጋገጫ ይጠየቅበታል፤ ከራሃድ በላይ ባለው ውሃ የተጨመረ ዓሣ ግን ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል።

ዓሣ ድንበር እንዳያልፍ ይከልከል ማለት አይደለም። ከጣና የሚወጣ የደረቀ ቀረሶ ለዓመታት በመተማ በኩል ሱዳን ሲሸጥ ኖሯል። በፀሐይ የደረቀ ዓሣ በሱዳን ወንዝ ውስጥ አይራባም። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ሕያው ሆኖ ለሚሄደው ነው፦ ከሰበታ ወይም ከባሕር ዳር የምርምር ማዕከል ለእርባታ የሚወጣው ጫጩት ከወንዙ ርቆ ጎርፍ በማይደርስበት ገንዳ ውስጥ ቢገባ፣ የገንዳው መውጫም በወንፊት ቢዘጋ፤ መረብና ጀልባ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል አኳሪየም የሚቀይርም ሰው ወርቃማውን ዓሣ ለሌላ አሳዳጊ ይስጥ እንጂ ወንዝ አያውርደው፤ ውሃውንም አፈር ላይ ያፍስሰው። ከጓንግ ወደ ታች ለሄደ ዓሣ የሚደረግ ነገር ብዙም የለም። ከ1964 ጀምሮ በአትባራ ላይ የቆመው የኻሽም ኤል ገርባ ግድብ ከናይል ሊወጣ የሚፈልገውን ዓሣ ያግዳል፤ ከጎርፉ ጋር ከላይ የሚወርደውን ግን አያስቀረውም።