የካንሰር ሕመምተኛው ሳንባ ውሃ ሲቋጥር

በምዕራብ ጎጃም «ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቲቢ ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ በአገራችን ለዚህ ሕመም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ቲቢ ከፊተኞቹ ይመደባል። ነገር ግን የጡት፣ የሳንባና የሊምፍ ዕጢ ካንሰርም በሳንባ ሽፋኖች መካከል እንዲሁ ውሃ ያመጣሉ። ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጣች እናት የጡቷን እብጠት ማንም ሳያይላት የቲቢ መድኃኒት ለወራት ልትውጥ ትችላለች። ስለዚህ ከተቀዳው ውሃ ጥቂቱ ለሕዋስ ምርመራ መላክ አለበት። ምርመራው ካንሰሩን የሚያገኘው ከአሥሩ በስድስቱ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንዴ «ካንሰር የለም» መባል ነገሩን አይዘጋውም።

በጤነኛ ሰው ሽፋኖች መካከል ያለው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። በሕመምተኛው ግን ሊትሮች ይጠራቀማሉ፤ ጋደም ማለት ያቅተውና ቁጭ ብሎ ያድራል። በአልትራሳውንድ ቦታው ተለይቶ በመርፌ ሲቀዳለት ትንፋሹ ይቀልለታል። ተጨፍልቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲነፋ ራሱ ፈሳሽ ሊሞላ ስለሚችል፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መቅዳት ባብዛኛው አይመከርም።

ካንሰር ያመጣው ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይመለሳል። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። ትንፋሽ ላጠረው ሰው በየጊዜው ለመቀዳት ይህን መንገድ መመላለስ ሌላ ስቃይ ነው።

ስለዚህ ውሃው እንዳይመለስ የሚያደርግ ሕክምና ለሕመምተኛው መቅረብ አለበት። በደረት ቱቦ ውሃው ተሟጦ ከወጣና ሳንባው በራጅ መነፋቱ ከታየ በኋላ፣ ታልክ የተባለው ዱቄት በቱቦው ገብቶ ሁለቱን ሽፋኖች ያጣብቃል። ታልክ ካልተገኘ ለቁስል ማጽጃ የሚያገለግለው ፖቪዶን አዮዲን በብዙ አገሮች ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የሠለጠነ ሐኪምና በቂ ማስታገሻ እስካለ ድረስ፣ ይህ በጠቅላላ ሆስፒታል ደረጃ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳንባው አልነፋ ላለው ማጣበቁ አይሠራም፤ ለእሱ የሚሻለው ለወራት የሚቆይ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውሃው ቤት ውስጥ ይቀዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በ106 ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት ቱቦውና ታልኩ ትንፋሽን በማቅለል እንደማይበላለጡ አሳይቷል። ለገጠር ቤት ግን መቅጃ ጠርሙስ፣ ንጹሕ ፋሻና ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ ካልተሟላ ቱቦው የኢንፌክሽን በር ይሆናል።

የጡትና የሊምፍ ዕጢ ካንሰር በመድኃኒት ሲታከም ውሃው አብሮ ሊደርቅ ይችላል። የቀረው ዕድሜ በሳምንታት ለሚቆጠር ሰው ግን ቱቦና ማጣበቂያ አያስፈልገውም፤ ሲጨንቀው በመርፌ ይቀዳለታል፣ በትንሽ መጠን የሚዋጥ ሞርፊንም የትንፋሹን ጭንቀት ያስታግስለታል። ሱስ ይሆንበታል ብሎ ይህን መከልከል ጭካኔ ነው።