የጭንቅላት ንቅለ ተከላ፦ ይቻላል? ይገባልስ?

የጭንቅላት ንቅለ ተከላ ማለት አካሉ በማይድን ሕመም የተጎዳ ሰው ጭንቅላት፣ አንጎሉ ሞቶ ሌላው አካሉ ግን ጤነኛ በሆነ ሰው አንገት ላይ የሚቀጠልበት ቀዶ ሕክምና ነው። በሕይወት ባለ ሰው ላይ እስካሁን አልተደረገም። በእንስሳት ላይ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሞከር ቆይቷል።

የሶቪየቱ ተመራማሪ ቭላዲሚር ዴሚኮቭ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቡችላን ጭንቅላትና የፊት እግሮች በሌላ ውሻ አንገት ላይ ሰፍቷል። በ1970 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ኋይት የአንድን ጦጣ ጭንቅላት ወደ ሌላ ጦጣ አካል አዛወረ። ጦጣው ያይና ይሰማ ነበር፤ ከአንገቱ በታች ግን ሽባ ሆኖ በቀናት ውስጥ ሞተ። ጣሊያናዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሰርጂዮ ካናቬሮ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሕክምናውን በሰው ላይ ለማድረግ ማቀዱን ገለጸ፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከቻይናዊው ሐኪም ሬን ሺያኦፒንግ ጋር የተዘጋጀው ሙከራ በሬሳ ላይ መደረጉን አስታወቀ። በሬሳ ላይ የተሳካ ስፌት ግን ነርቭ ዳግም እንደሚሠራ ማረጋገጫ አይሆንም።

ችግሮቹ በርካታ ናቸው። አንጎል ደም ከተቋረጠበት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጎዳ ጭንቅላቱን በእጅጉ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የሰውነት የመከላከያ ኃይልም ባዕድ አካልን ስለሚዋጋ ታካሚው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት መውሰድ ይኖርበታል። ከሁሉም የከበደው ህብለ ሰረሰር ነው። በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ይህ የነርቭ ገመድ አንዴ ከተቆረጠ፣ ገጥሞ እንደ ቀድሞው የሚያሠራ ሕክምና የለም። ቢኖር ኖሮ በደቡብ ኢትዮጵያ በዲላ ከተማ መንገድ በመኪና አደጋ፣ ወይም በዙሪያዋ ባለው የጌዴኦ ገጠር ከዛፍ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠበት ሰው ማንም ጭንቅላቱን ሳይነካ ቆሞ በሄደ ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው የምርምር መነሻ የእነዚህ ታካሚዎች ሕክምና ነው።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄም ከዚህ አያንስም። የሞት አደጋው እጅግ ከፍ ባለበት ሙከራ ላይ ተስፋ የቆረጠ ታካሚ የሚሰጠው ፈቃድ በእርግጥ ነፃ ነው ማለት ያስቸግራል። ታካሚው ልጅ ቢወልድ፣ ልጁ በዘር የሚመዘዘው ከአካል ለጋሹ ነው፤ የለጋሹ ቤተሰብ ከልጁ ጋር የሚኖረውን ዝምድና የሚዳኝ ሕግ አልተጻፈም። ከአንድ ለጋሽ የሚገኙት ልብ፣ ጉበት፣ ሳንባና ሁለት ኩላሊቶች ደግሞ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ሊያተርፉ ሲችሉ፣ ሁሉንም ለአንድ አጠራጣሪ ሙከራ ማዋል ፍትሕ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ጉዳይ መሠረት አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 18፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ አካሉን ወይም ከፊሉን አሳልፎ የሚሰጥበት ውል ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ውድቅ ያደርገዋል፤ በሕክምና ሙያ ደንብ ተቀባይነት ያለውን ግን ይፈቅዳል። አንቀጽ 19 ደግሞ ሰጪው ቃሉን በማንኛውም ጊዜ የማንሳት መብት ይሰጠዋል።

በዚህ ጥበቃ ሥር አገሪቱ የደረሰችበት ደረጃ መጠነኛ ቢሆንም ተጨባጭ ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከሟቾች የሚለገስ የዓይን ብሌን ያሰባስባል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ኩላሊቱን የሚለግሰው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ከዲላ የሚነሳ ታካሚ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ለጋሽ ዘመዱንም ይዞ፣ አዲስ አበባ መድረስ አለበት።

ከሟች አካል መለገስን ለማስፋፋት ደግሞ ከሕግ በላይ የማኅበረሰብ መተማመን ያስፈልጋል። ጌዴኦ ውስጥ እንደ ቱቱ ፈላ ባሉ ቦታዎች የቆሙት የመቃብር ትክል ድንጋዮች፣ በዚህ ምድር ሙታን ከጥንት ጀምሮ እንዴት እንደተከበሩ ይመሰክራሉ። እንዲህ ባለ አገር ስለ አንጎል ሞትና ስለ ልገሳ ውሳኔ የሚሰጠው ሐኪም ብቻውን መሆን አይችልም፤ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና ቤተሰብ ቀድመው ሊመክሩበት ይገባል።

ህብለ ሰረሰርን መጠገን እስካልተቻለ ድረስ የጭንቅላት ንቅለ ተከላን በሰው ላይ መሞከር ተገቢ አይደለም። ገንዘቡም ዕውቀቱም ኩላሊትና የዓይን ብሌን ለሚጠባበቁ ይዋል። አንባቢም ስለ ልገሳ ያለውን ሐሳብ ዛሬውኑ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገርበት።