የዓሣ ማጥመድ ውድድርና የሐይቅ ቆሮሶ

ዓሣ ማጥመድም እንደ እግር ኳስ ውድድር አለው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። አለው እንጂ! በአሜሪካ «ባስ» የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ እየያዙ ይወዳደራሉ። ሬይ ስኮት የተባለ ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. በአርካንሳስ ትልቅ ውድድር አዘጋጀ። አሸናፊው የሚለየው በሚዛን ነው። ታዲያ የተያዘው ሁሉ ቢሞት ውሃው ባዶ ይቀር የለም? ስለዚህ በ1972 እ.ኤ.አ. ዓሣው ከነሕይወቱ ተመዝኖ ወደ ውሃው የሚመለስበት ደንብ ወጣ።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ከወልድያ ተነስተን በመርሳና በውጫሌ አድርገን ወደ ደሴ ስንሄድ የሐይቅን ውሃ እናገኛለን። እዚያ ቆሮሶ አለ። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። እሷን የያዘ ሰው «አንድ ያዝኩ» ይበል እንጂ የያዘው ቤተሰቡን በሙሉ ነው።

ለእንጀራው የሚያጠምድ ሌላ ነው። ለጨዋታ የሚያጠምድ ግን ቢመልሳት ምን ይጎድልበታል? እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በሀብሩም ሆነ በሌላ ወረዳ ስናስተምር፣ ልጆቹን «ማን ብዙ ያዘ?» ብቻ ሳይሆን «ማን መለሰ?» ብለን እንጠይቅ።